የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለምን በአንዴ አይቆረጥም

ክረምት ላይ ቀበና ድልድይ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ላየ፣ በዚያ ድፍርስ ውስጥ የእንጦጦ አፈር አለ። የተራራው ደቡባዊ ፊት ውሃውን ወደ አቃቂና አዋሽ ይሰዳል፤ መንገዱም በመሃል ከተማ ነው።

«ባሕር ዛፉ ይቆረጥ፣ አገር በቀል ይተከል» የሚለው አሳብ ልክ ነው። የሚያጣላው ፍጥነቱ ነው። ቁልቁለቱ በአንድ በጋ ከተራቆተ የመጀመሪያው ዶፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቀበናና ግንፍሌ ወንዞች ይወርዳል፤ የሚተከለው አገር በቀል ጥድ የሚቆምበት አይተርፍም።

ስለዚህ በመደዳ ይሠራ። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ዳገቱን አግድም ተከትሎ 20 ሜትር ያህል ይቆረጣል፣ ቀጣዩ 20 ሜትር ይቆያል። አጣናና ማገሩ ይወጣል፤ ከቅርንጫፉ ግማሹ ግን ጎርፉን እንዲያዘገይ በአግድም ይጋደማል። ከመጥረቢያው በፊት ቆጠራ ይቅደም፦ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ወፎች ያመጡት ጥድና ወይራ በቅሎ ሊገኝ ይችላል። እሱን ረግጦ ችግኝ መትከል ትልቅ ጥፋት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉቶው ላይ ነው። ባሕር ዛፍ በመቆረጥ አይሞትም፤ ያቆጠቁጣል፣ ባረጀ ሥሩ እየጠጣ አጠገቡ ያለውን ችግኝ ይቀድመዋል። ከመሬት አስጠግቶ መቁረጥ፣ ቅርፊቱን እስከ አፈሩ መላጥ፣ የሚያቆጠቁጠውንም ሥሩ ያከማቸው ኃይል እስኪያልቅ በየሁለት ሦስት ወሩ መገንጠል ያስፈልጋል። በጀት ሲያዝ ግን የሚታሰበው የተከላው ቀን ብቻ ነው፤ ያሳዝናል።

ጉድጓዱ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በግንቦት ይቆፈር፣ ተከላው ዝናቡ ሲረጋ በሐምሌ ይሁን። የችግኙ ፕላስቲክ ይውለቅ፤ የተጠቀለለ ሥር ካለ በምላጭ ይቆረጥ። እንደተጠቀለለ የገባ ጥድ ክረምቱን ለምልሞ ይከርምና በበጋ ይደርቃል፤ ሥሩ በራሱ ላይ ዞሮ ወደ ታች አልወረደምና።

ከሁሉ የሚከብደው ለማገዶ የሚጠረገው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጉዳይ ነው። ተጠርጎ ሲያልቅ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ የዝናቡ ጠብታ አፈሩን ይበትነዋል። ነገር ግን ምጣዱን በቅጠል የሚያሰማ ቤት አለ፤ ጭራሮ ተሸክመው የሚያድሩ እናቶችም አሉ፤ በክልከላ ብቻ አይሆንም። ጫካውን ሦስት ቦታ ከፍሎ በዓመት አንዱን ለጠረጋ መክፈት፣ የምንጭ መነሻውንና ገደላማውን ጨርሶ መዝጋት ይቻላል። ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን እየዞሩ የሚገነጥሉትም እነዚሁ እናቶች በማኅበር ቢሆኑ፣ ደመወዙ ከአጣናው ሽያጭ ይወጣል።