ክር የታሰረባቸው ከረጢቶች

ልጁ 9 ወሩ ነው። ሙዋኩ፣ ማለትም የላይኛው ክንዱ ዙሪያ፣ 11.2 ሴንቲ ሜትር። እኛ ጋ ከ11.5 በታች ከሆነ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ብዙ አይታሰብም። ካርድ ይወጣል፣ ለሳምንት 15 ከረጢት ፕላምፒነት (ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው የለውዝ አልሚ ምግብ) ይቆጠራል፣ ቀጣይ! ክብደቱ 5.3 ኪሎ።

በሳምንቱም 5.3። በሁለተኛው ሳምንትም 5.3።

ያን ሰሞን ከዞን የመጣ ሱፐርቫይዘር «ፕላምፒነቱ ሱቅ እየተሸጠ ነው፤ እናቶቹን ጠበቅ አድርጓቸው» ብሎን ሄዷል። መዝገብ ብቻ ነው ያገላበጠው፤ አንድ ሕፃን እንኳ ቀና ብሎ አላየም። እኔም ጠበቅ አደረግኩ።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ለታላላቆቹ ታካፍያለሽ አይደል?»

ሴትዮዋ የአራት ልጆች እናት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷ «እርስዎ» ትለኛለች፣ እኔ «አንቺ» እላታለሁ። ጋውን እንዲህ ያደርጋል። ምንም ሳትመልስ ፌስታሏን ፈታችና ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። 6 ባዶ። 9ኙ ግማሽ ድረስ ተበልተው፣ ጉንዳን እንዳይገባባቸው አፋቸው በክር ታስሯል።

«ይጀምርና ይደክመዋል፣ ሲስተር። ጡቱንም እንደዚያው ነው። ትንሽ ይስብና ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። ከዚያ ይተወዋል።»

«መብላት ደግሞ ማንን ያደክማል?» ብዬ ሳቅኩ። «በዚህ ሙቀት ጠቅልለሽው እንዴት አያልበው?»

ይቺ ሳቅ እስካሁን ታንገበግበኛለች። የምግብ ፍላጎት ፈተናውንም ሁለቴ ላስ ሲያደርግ አይቼ «አለፈ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት 5.4 ሆነ። «አየሽ፣ ቁጣ ይሠራል!» አልኳት።

አዲሱ ጤና መኮንን ማኅተም ሊወስድ የገባው ይሄኔ ነው። ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ። ማኅተሙን ይዞ ሊወጣ ሲል ቆመና ልጁን አየው። የልጁን ልብስ ገለጥ አድርጎ ትንፋሹን ቆጠረ። በደቂቃ 68።

«ሲጠባ ያልበዋል?» አላት።

እሷ መልሱን ለእሱ አልሰጠችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ስቴቶስኮፑን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። ለእኔም ሰጠኝ። ያ የሚነፋ ድምፅ እኔ ባልሰማውም ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ነበር።

ሪፈር ተጻፈ፣ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሣ። በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ተገኘ። ደሙ ወደ ሰውነት መሄድ ሲገባው ገሚሱ ተመልሶ ሳንባን ያጥለቀልቃል። ልጁ ተኝቶም የሚሮጥ ያህል ነው። ጤነኛ ሕፃን በቀን በኪሎ 100 ካሎሪ አካባቢ ሲበቃው፣ እንዲህ ያለው እስከ 150 ሊፈልግ ይችላል። አብዝቶ መብላት የሚያስፈልገው እሱ፣ መብላት የሚያቅተውም እሱ! ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ተፈትኜም አልፌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እናት በገባች ቁጥር «ሲጠባ ያልበዋል?» እላለሁ። አገሩ ቆላ ነው፤ የማያልበው የለም። ጤና መኮንኑ ሕፃን ይዤ ስመጣ ሲያይ ምሳ ይወጣል።

ሴትዮዋ ከሪፈር ስትመለስ ልጁን ሚዛን ላይ አወጣሁት። 5.1። መቼም አመል አይለቅም፤ አፌን ከፈትኩ።

«አትቆጪ፣ ሲስተር» አለችኝ። «እርስዎ» ማለቱን ትታዋለች። «ውሃ ነው የወጣለት። ፉሮሴማይድ የሚሉትን ጀምሮ ነው። ያ 5.4 ያልሽው ሥጋ አልነበረም ብለውኛል።»

ልጁን አዘለችና ፌስታሏን ዘረጋችልኝ።

«ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጪው ተብያለሁ። በይ 15ቱን ቁጠሪልኝ። ክር አለኝ።»