ዳር ላይ የምታድረው

ዛሬ ሰው ማነጋገር አላሰኘኝም። የከፋኝ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ዝም ማለት ብቻ አማረኝ። እንዲህ ባለ ቀን መጠጊያዬ ጓሮ ያለው የዳክዬዎቻችን ኩሬ ነው፤ ሥራ አጥቶ አያውቅም። ከታች በኩል ማፍሰሻውን ከፍቼ ዝቃጩን ለቀቅሁት፣ ወደ አትክልቱም መራሁት። የዳክዬ ኩስ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ስለሆነ ኩሬውን የሚያስጨንቀው ነገር ለተክሉ ሲሳይ ነው።

ኩሬውን ስንቆፍር «ጥልቅ ይሁን» ያሉን ነበሩ። እኔ ግን ከጥልቀቱ ይልቅ ስለ መውጫው ነበር የምጨነቀው። የቤት ዳክዬ ምግቡን የሚለቅመው ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ ጅራቱን ወደ ሰማይ አቁሞ፣ አንገቱ እስከደረሰበት ድረስ ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ጫጩት ግን ላባዋ ውኃ መከላከል ሳይጀምር ኩሬ ውስጥ ገብታ መውጫ ካጣች በርዷትና ደክሟት ትሰጥማለች። እናቷ ያልታቀፈቻት ከሆነች ደግሞ ይብስባታል። ስለዚህ አንዱን ወገን ቀስ ብሎ የሚወርድ ተዳፋት አደረግነው፤ ኩሬው ውስጥ ያነጠፍነው ላስቲክ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ሻካራ ድንጋይ ደረደርንበት። አሁንም ስመለከተው ከኩሬው ሁሉ የምወደው ያንን ተዳፋት ነው።

ተክሎቹን ዋናው ኩሬ ውስጥ አልተከልንም። ዳክዬ ሥር እየነቀለ፣ ጭቃ እየማሰ የሚውል ፍጥረት ነው። ፊላውና ቀጠማው ያሉት ከፍ ብሎ በተሠራው ትንሽ ገንዳ፣ ጠጠር መካከል ነው፤ ፓምፑ ውኃውን ወደዚያ ያወጣዋል፣ ተጣርቶም ተመልሶ ይወርዳል። የማጣራቱን ሥራ በዋናነት የሚሠሩት ጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከኩሱ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱን ተክሎቹ ይመገቡታል። አሞኒያ ቀለም ስለሌለው ጥርት ያለ ውኃ መርዛማ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ሙቀት ሲበረታ ግን ሥጋቴ ሌላ ነው። በረጋና ኦክስጅን ባጣ ውኃ ውስጥ የሞተ ነገር ሲበሰብስ ቦቱሊዝም የተባለውን፣ ሰውነትን የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያስከትለው ባክቴሪያ ይራባል። መርዙ የወፏን ጡንቻ ያዝላል፤ አንገቷን ማቅናት ያቅታትና ዋናተኛዋ እዚያው ውኃዋ ላይ ትሞታለች። በዚያ ወቅት ወድቆ የሚበሰብስ ነገር እንዳይኖር ዙሪያውን እየዞርኩ እለቅማለሁ፤ ማታ ማታም በባትሪ እመለከታለሁ።

ዛሬ ማታም ስዞር ዳክዬዎቹ ከውኃው ወጥተው ዳርቻው ላይ በረድፍ ተኝተው ነበር። መካከል ያሉት ምንቃራቸውን ክንፋቸው ሥር ሸጉጠው ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጫፍ ላይ ያለችው ግን ወደ ውጭ የዞረ ዓይኗን አልጨፈነችም።

በዱር ዳክዬዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ኒልስ ራተንቦርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት። በረድፍ ከተኙ ዳክዬዎች መካከል ዳር ላይ ያሉት፣ ከመካከለኞቹ ይልቅ አዘውትረው ግማሽ አንጎላቸውን ብቻ ያስተኛሉ። የሚነቃው የአንጎል ወገን ከተከፈተው ዓይን ተቃራኒ ያለው ነው፤ ያ ዓይንም የሚመለከተው ከመንጋው ውጭ፣ አደጋ ሊመጣ በሚችልበት በኩል ነው።

ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ዳር ያለችውን ባየሁ ቁጥር ታላቅ እህቴ ትመጣብኛለች። ልጆች ሳለን በበሩ በኩል የምትተኛው እሷ ነበረች። ቦታውን ማን እንደሰጣት አላስታውስም፤ ከእኛ መካከል «ዛሬ እኔ ልሁን» ያለ ሰው ግን አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ ሌሊት ቢያስል ከእናታችን ቀድማ «ማነው?» የምትለው እሷ ናት። ዛሬ ሁላችንም በየቤታችን ነን፣ ልጆቿም አድገዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የደወለላት ሰው ግን ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ ድምፅዋን ይሰማል። ድምፅዋ ውስጥ እንቅልፍ የለም።

የእኛዎቹ ዳክዬዎች ይፈራረቁ እንደሆነ ለማወቅ ማታ ማታ ማን የት እንዳደረች ማየት ጀምሬአለሁ። አንዳንድ ቀን ጫፉን የምትይዘው ሌላዋ ናት። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ለምን ይህን ያህል ደስ እንደሚለኝም አውቀዋለሁ።

ባለፈው እህቴ እኛ ዘንድ መጥታ ስታድር ሆን ብዬ ከውስጠኛው ክፍል፣ ከበሩ ርቃ እንድትተኛ አነጠፍኩላት። እኔ ሳሎን አደርኩ። ጠዋት እንዴት አደርሽ ስላት «ደህና» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። ቡናውን አቀብላኝ፣ ሌሊት ስገላበጥ እንደሰማችኝና የታመምኩ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ የማስበው አንድ ነገር ነው። ዳሩን ተቀብለን ብንይዝላት ሁለቱንም ዓይኗን ትጨፍናለች? ወይስ ይህን ሁሉ ዓመት ከቆየች በኋላ፣ ጥቂትም ቢሆን ማረፍ የምትችለው ዳር ላይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል?