ከመወልወሉ በፊት

የምሠራው የድሮ የመርከብ መሣሪያዎች በሚጠገኑበት ወርክሾፕ ነው። ኮምፓስ፣ ክሮኖሜትር የሚባለው የመርከብ ሰዓት፣ መርከበኛ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በማዕዘን ለክቶ ቦታውን የሚያውቅባቸው ኦክታንትና ሴክስታንት ይመጡልናል። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ሰብሳቢዎች ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የናስ ሴክስታንት ይዞ መጣ። ጠቁሯል፣ አልፎ አልፎም አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። የሠሪው ስም የትም አይታይም። «ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው፣ እንደ አዲስ ይብለጭለጭልኝ» አለ። አለቃችን እሺ ብለው ተቀበሉት፤ ሥራውም ለአዲሱ ልጅ ተሰጠ።

ልጁ ጎበዝ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። መወልወያውን ጨርቅ ላይ አድርጎ ዲግሪዎቹ የተሰመሩበት ቅስት ላይ ሊያሳርፍ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር እንየው» አልኩት። ቅስቱን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ጠረግኩ። ከቆሻሻው ሥር ትንሽዬ መልሕቅ ብቅ አለች። ከግራና ከቀኟ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ፤ አይ እና አር። ክው አልኩ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ እንግሊዛዊ መሣሪያ ሠሪ የጄሲ ራምስደን ምልክት ነው! በዚያ ዘመን ጄን በአይ መጻፍ የተለመደ ነበር።

የሴክስታንት ነፍሱ መስመሮቹ ናቸው። ቅስቱ 60 ዲግሪ ብቻ ሆኖ የሚለካው እስከ 120 ነው፤ ብርሃኑ በሁለት መስታወት ስለሚንጸባረቅ። ስለዚህ መስመር ሲቆረጥ የተፈጠረች ስህተት ንባቡ ላይ እጥፍ ትሆናለች። ንባቡ በአንድ ደቂቃ ቅስት፣ ማለትም በአንድ ዲግሪ ስልሳኛ፣ ከተሳሳተ ደግሞ መርከበኛው ቦታውን በአንድ የባሕር ማይል ይስታል፤ 1,852 ሜትር ማለት ነው። ድሮ ቅስቱን በእጅ በመስመሮች መከፋፈል እጅግ አድካሚ ሥራ ነበር። ራምስደን ለንደን ውስጥ 2,160 ጥርስ ያለው ትልቅ ጎማ ሠርቶ ይህን ለማሽን ሰጠው። ጎማውን የሚያዞረው ብሎን 6 ጊዜ ሲዞር ጎማው ልክ አንድ ዲግሪ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1777 በባሕር ላይ ኬንትሮስን ለማወቅ የሚረዱ ሥራዎችን የሚሸልመው የእንግሊዝ የኬንትሮስ ቦርድ ራምስደንን ሲሸልመው የሌሎች ሠሪዎችንም መሣሪያ ቅስት እንዲከፋፍል ግዴታ አስገባው፤ ክፍያውም ለሴክስታንት 6 ሺሊንግ፣ ለኦክታንት 3 ሺሊንግ።

ይህን ሁሉ ለአለቃችን ነገርኳቸው። «ለሰውየው ቃል ሰጥተናል» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደንበኛ ያዘዘውን መሥራት ያስከብራል። ግን መወልወያው ውስጥ ደቃቅ መፋቂያ አለ። ናስን የሚያበራው ላዩን እየፋቀ ነው። ከፀጉር የቀጠነ መስመር ደግሞ ያንን አይችልም። ለልጁም የቅስቱን አንድ ጫፍ አሳየሁት። ቀደም ሲል ሌላ ሰው አሽቶት ኖሮ ያቺ ቦታ ታበራለች፤ ቁጥሮቹ ግን ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። ልጁ ዝም ብሎ ጨርቁን አስቀመጠ። አለቃችንም አጎንብሰው አዩና ስልኩን አነሱ።

ሰውየው መጥቶ መልሕቋን በመነጽር ሲያይ ሐሳቡን ወዲያው ለወጠ። «ምንም እንዳትነኩት» አለ። እኛም አቧራውን ብቻ ጠርገን፣ ዝገቱ እንዳይስፋፋ እርጥበት የማይነካው ሳጥን አዘጋጀንለት።

ከዚያ ሌላ ክርክር ተነሳ። አለቃችን ወረቀቱ ላይ «የራምስደን ሴክስታንት» ብለን እንጻፍ አሉ። አይሆንም አልኩ። ምልክቱ መስመሮቹ የተቆረጡት በእሱ ማሽን መሆኑን ነው የሚናገረው። አካሉን የሠራው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ለሰብሳቢ በዚህ ልዩነት ዋጋው ብዙ ይራራቃል። ያልተረጋገጠ ስም ከጻፍን ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እውነት መስሎ ይቀራል። ሰውየውን ጠየቅነው። «የምታውቁትን ብቻ ጻፉልኝ» አለ። «ሠሪው ያልታወቀ፤ ቅስቱ በራምስደን ማሽን የተከፋፈለ» ብለን ጻፍን፤ አለቃችንም ፈረሙበት።