ምዕመኑ በሳምንቱ ማንን ይሰማል? ሐዋሳ ላይ ጠይቀን ያገኘነው

ሐዋሳ ውስጥ ሥነ መለኮት አስተምራለሁ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ እሰብካለሁ። ዲጂታል ሚዲያ በወንጌላውያን አጥቢያዎች ላይ ያመጣውን ለውጥ ላጠና ስነሳ ያስቸገረኝ መጋቢነቴ ነው። መጋቢ ሲጠይቅ ማን ልቡን ይከፍታል? "ስልክዎ ላይ ምን ይከታተላሉ?" ስል መልሱ ሁሌም አንድ ነው። "መዝሙርና ስብከት ነዋ መጋቢ፣ ሌላማ ምን አለ!"

ስለዚህ የራሴን አጥቢያ ተውኩት። ወደ ሌሎች ሄድኩ፤ ሽማግሌዎቹን አስፈቀድኩ፤ ቃለ መጠይቁን ለተማሪዎቼ ሰጠሁ። ጥያቄውንም ቀየርነው፦ "መጨረሻ ላይ ለሰው የላኩት ምንድን ነው? ለእርስዎስ ማን ላከልዎት?" ሰው ስለ ልማዱ ሲጠየቅ ቢያደርገው ደስ የሚለውን ይናገራል። ስለ ትናንቱ ሲጠየቅ ግን ስልኩን አውጥቶ ያሳይሃል። ጥናቱን ያዳነው ይሄ ነው።

ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት ውጭ አገር ያለ ሰባኪ ይሰማሉ። ልጃቸው በቴሌግራም ትልክላቸዋለች። ድምፅ ብቻ ነው፤ ቪዲዮ ዳታ ይበላል። "እሁድ የኛን መጋቢ እሰማለሁ፤ ሳምንቱን ግን እሳቸውን ነው" አሉ። ብዙ መጋቢዎች ቤተ ክርስቲያን ባዶ እንዳይቀር ይሰጋሉ። እኛ ባየናቸው አጥቢያዎች ወንበሩ ሙሉ ነው። ሰው የሚመጣው ግን የሌላ ሰው ትምህርት ይዞ ነው፤ የእኛን ከዚያ ጋር እያስተያየ ይሰማል። መጥፎ ነው አልልም። አንዳንዱ ስብከት ከእኔ ይሻላል።

ሚዲያ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀምሮ ደርግ በ1969 እስኪወርሰው ድረስ ተሰምቷል። ከዚያም መዝሙር በካሴት እየተገለበጠ ዞሯል። ልዩነቱ ሬዲዮው ባለቤት ነበረው፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው። ቢሳሳት የሚጠየቅ አካል አለ። ዛሬ ከቡድን ቡድን ሲላክ የከረመ "ትንቢት" ማን እንደተናገረው እንኳ አይታወቅም። ላኪውን ስንጠይቅ "ለእኔም ተልኮልኝ ነው" ይላል።

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን (እገዳን አልፎ የሚያስገባ መተግበሪያ) አልተከፈቱም። ያንን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፉት ጠየቅን። ወጣቱ ቪፒኤን ጭኖ ኑሮውን ቀጠለ። የተቸገሩት ትልልቆቹ ናቸው፤ መጫኑን አያውቁማ። ስለ ስልክ ስንሰብክ ጣታችንን ወጣቱ ላይ ብቻ መቀሰር ለምዶብናል። የምሽት ጸሎታቸው በቴሌግራም ድምፅ ላይ የቆመው ግን እናቶች ነበሩ።

በጣም የተጠነቀቅነው ስልክ ላይ ስላሉት የጸሎት ቡድኖች ነው። እዚያ ውስጥ የማን ትዳር እንደታመመ፣ ማን ሆስፒታል እንደገባ፣ የማን ልጅ ቤት ጥሎ እንደጠፋ ይጻፋል። ማንነታችንንና የመጣንበትን ሳንናገር አንድም ቡድን አልገባንም። ስክሪንሾት ማንሳትም ከለከልኩ። ተማሪዎቼ አጉረመረሙ፤ "ማስረጃው ሊቀርብን ነው" አሉ። የቀረው ይቅር፤ ለጸሎት የተነገረ ነገር የእኛ ማስረጃ አይደለም።

አሁን የስብከት ዝግጅት ሳስተምር አንድ ሥራ ጨምሬያለሁ። ተማሪው ከመስበኩ በፊት የሚሰብክላቸው ሰዎች በዚያ ሳምንት ስልካቸው ላይ የሰሙትን አንድ ትምህርት ራሱ ሰምቶ ይመጣል። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ክፍሉ የክርክር መድረክ ሆነ።

አንድ ነገር ይቀረናል። እስካሁን የጠየቅነው በአማርኛ ነው፤ በሲዳምኛ የሚሰሙትንና የሚላላኩትን ገና አልነካንም። የሚቀጥለውን ዙር ጥያቄ የሚያዘጋጁት ሲዳምኛ አፋቸውን የፈቱበት ተማሪዎቼ ናቸው።