እንጀራ ይዤ ወደ ወይን ፌስቲቫል

ጀርመን ውስጥ በወይን ፌስቲቫል ላይ የሀበሻ ምግብ ለመሸጥ የምታስቡ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከአንድ ክፉ የቅዳሜ ምሽት እተርፍ ነበር።

ሐሳቡ የመጣልኝ ባድ ዱርክሃይም ላይ ነው። ከማንሃይም በትራም ይኬዳል። ከተማዋ በየዓመቱ በሴፕቴምበር፣ ልክ በእኛ ዕንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ቩርስትማርክት የሚባል ድግስ አላት። ስሙ «የቋሊማ ገበያ» ማለት ቢሆንም ዋናው ነገር ወይን ነው። በዓለም ትልቁ የወይን ፌስቲቫል እየተባለም ይጠራል። ከ600 ዓመት በፊት ኮረብታው ላይ ወዳለው የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ለሚወጡ ምእመናን ገበሬዎች ወይንና ምግብ በእጅ ጋሪ እየገፉ ይሸጡ ነበር። ትንንሾቹ የወይን ድንኳኖች ዛሬም በዚያ ጋሪ ስም ነው የሚጠሩት። ይህን ስሰማ የንግሥ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ ጧፍና ቆሎ የሚሸጡት እናቶች ትዝ አሉኝ።

ረጅሙ አግዳሚ ላይ ከማታውቁት ሰው አጠገብ ትቀመጣላችሁ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ ዙሪያው ጎድጎድ ያለ ብርጭቆ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔም ጠጥቼ ለቀጣዩ አቀበልኩ። ማዕድ መቁረስ ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ መሀል አንድ ሰፌድ እንጀራ ቢቀርብ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ቦታ የተከራየሁት ግን እዚያ ሳይሆን የወይን መንደሮችን በሚያገናኘው፣ «የጀርመን የወይን ጎዳና» በሚባለው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ መንደሮች በአንዷ ነው። ስሟን አልጠራም። ጎዳናው እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተ ሲሆን ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአልሞንድ ዛፎች ከሚያብቡበት ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ አንዱ መንደር ሲጨርስ ሌላው ይደግሳል።

የንግድ ምዝገባውና ኢንሹራንሱ አላስቸገሩኝም። ድንኳኑን ከጓደኛ ተዋስኩ። ምግብ ለሚነካ ሰው ጤና ቢሮ የሚሰጠው ትምህርት አለ፤ ሥራ ስትጀምሩ ወረቀቱ ከሦስት ወር በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ሁሉም «ቀድማችሁ ጨርሱ» ይላል። እኔ በየካቲት ጨርሼ ስለነበር እንደገና ከፍዬ ተማርኩ። ይህንን ወደ መጨረሻው አድርጉት። የቦታ ማመልከቻው ደግሞ በጥር ይከፈታል ይላሉ። እስከ ጥር አትጠብቁ፤ ፌስቲቫሉ እንዳለቀ ደውሉ።

ጠጅ መሸጥም ፈልጌ ነበር፤ ከለከሉኝ። መጠጥ መሸጥ የሚችሉት የመንደሩ ወይን አምራቾች ብቻ ናቸው። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ልክ ናቸው እላለሁ። አብዛኞቹ የቤተሰብ እርሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በፌስቲቫሉ አንድ ብርጭቆ የቀመሰ እንግዳ እዚያው እንግዳ ማረፊያ ያድራል። በነጋታው ጓሮአቸው ድረስ ሄዶ በካርቶን ይገዛል፤ በጸደይም ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዶቹ በዓመት እስከ አራት ወር፣ ከ40 በማይበልጥ መቀመጫ፣ ቤታቸውን መጠጥ ቤት ማድረግ ይፈቀድላቸዋል። ምልክቱ በር ላይ የሚሰቀል መጥረጊያ ወይም የቅጠል ጉንጉን ነው። በእንጨት ላይ ጣሳ ደፍተው ከሚያቆሙት ከእኛ ጠላ ቤቶች ጋር አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ኤሌክትሪኩ።

ሕልሜ እንጀራውን ሰው ፊት መጋገር ነበር። ሊጡ ሲዞር፣ ዓይኑ ሲወጣ፣ አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ሰውን ይጠራል። ምጣዴ 3,500 ዋት ይወስዳል። ተራ ሶኬት በ230 ቮልትና በ16 አምፔር 3,680 ዋት ይችላል። ማመልከቻው ላይ «አንድ ተራ ሶኬት» የሚለውን ከመምረጤ በፊት አዘጋጆቹ ጋ ደወልኩ። ዋቱን ነግሬ «ይበቃኛል?» አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «ለአንድ ምጣድ ይበቃል» አለችኝ። በጽሑፍ አልጠየቅኳትም። ስሟንም አልያዝኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያልነገረችኝ ነገር ሶኬቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሦስት ድንኳኖች ከአንድ የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ከአንድ ብሬከር ነበር የምንወስደው። ማመልከቻውም ከማን ጋር እንደምትካፈሉ አይልም።

ዓርብ ሁሉም ሰላም ነበር። የጋገርነው ከሰዓት በፊት ነው፤ የጎረቤቶቼ ዕቃ ገና አልተነሳም። ተቆጣጣሪው መጣ። የእጅ መታጠቢያውን አየ፣ የፍሪጁን ሙቀት ለካ። ምጣዱ ፊት ቆሞ «ይሄ ምን ይጋግራል?» ብሎም ጠየቀኝ። አስረዳሁት፣ አመስግኖ ሄደ።

ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፉ እስከ መንደሩ የውሃ ምንጭ ደረሰ። እንጀራው አለቀ። እህቴ ምጣዱን ለኮሰች፣ እኔ የምስር ወጡን ማሞቂያ ከፈትኩ። በዚያው ደቂቃ የጎረቤታችን የብርጭቆ ማጠቢያ ማሽን ተነሳ። ብሬከሩ ወረደ። ሦስታችንም ጨለማ ውስጥ ቀረን።

ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ተረኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ነው። በተሰጠን ቁጥር ደወልን፤ አይነሳም። እህቴ አደባባዩን ዞራ ፈለገችው። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። መጥቶም የነገረኝ «እዚህ ላይ ምጣድ መሰካት አልነበረብሽም» ብሎ ነው። ስልክ ደውዬ እንደጠየቅሁ ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ሊጤ ተበላሸ፤ እሱ ግድ የለም። ያመመኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሽማግሌ ወይን አምራች ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ነው የሚሠሩት። የዓመቱ ትልቁ ምሽታቸው ነበር። ነጩ ወይን ሞቀ። ባለቤታቸው በባትሪ ብርሃን በቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ያጥቡ ነበር። አግዳሚያቸው ላይ የነበሩት እንግዶች አንድ በአንድ ተነስተው ብርሃን ወዳለበት ሄዱ። ዓርብ ዕለት እኚሁ ሰው «ዛሬ እዚህ የተቀመጠ ሰው ነው በሚያዝያ ለካርቶን የሚመጣው» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ያሳጣኋቸው የአንድ ምሽት ሽያጭ ብቻ አልነበረም። ይቅርታ ስጠይቃቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት ያው ተቆጣጣሪ ተመልሶ መጣ። የምጣዱን የደኅንነት ምልክት ጠየቀ። የለውም። ከለከለኝ። «ዓርብ ፊቱ ቆመህ የለ?» አልኩት። «ዓርብ የመጣሁት ለንጽሕና ነበር» አለ። ቀኑን ሙሉ ከፍራንክፈርት የተጫነ እንጀራ ሸጥን። አለቀም። ግን ያሰብኩት እሱን አልነበረም።

በኋላ ምጣዱን ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይይዝ የሚከላከለው የመሬት ሽቦ የለውም። ለዓመታት ልጆቼ አጠገቡ ሲሯሯጡ ነው የጋገርኩት። ተቆጣጣሪው ስለ ምጣዱ ልክ ነበር፤ ዓርብ ዝም በማለቱ ግን እስካሁን አልማርኩትም።

ስለዚህ «ስንት ዋት?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ብሬከሩ የእኔ ብቻ ነው ወይ? የሳጥኑ ቁልፍ ማታ ማን ጋ ነው?» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ገንዘቡ ቢከብድም ቀዩን ባለ 400 ቮልት ሶኬት ውሰዱ፤ ባለ 16 አምፔሩ ወደ 11,000 ዋት ይችላል። ከሱ ላይ ለተራ ዕቃ የሚያከፋፍል ሳጥን ተከራዩ። የተጠቀለለ ገመድ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ እንደተጠቀለለ ይግላል። መመሪያው «በዕለቱ ጠዋት ግቡ» ቢልም ዋዜማውን ማታ ገብታችሁ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ ለኩሱና ሞክሩ። የሚወርድ ከሆነ ያኔ ይውረድ።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ልበል። ከበርበሬ ጋር ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ወይን አይሄድም፤ ያቃጥላል። ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ሪስሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ከምስር ወጥ ጋር ግሩም ነው። በመስከረም የሚወጣው፣ ገና እየፈላ ያለው ፌደርቫይሰር ደግሞ ልክ እንደ ጉሽ ነው። ጠርሙሱ ስለማይታሸግ መኪና ውስጥ አታስተኙት። ብዙ ሰው «ኢትዮጵያ ወይን አላት?» ይለኛል። ስለ አዋሽና ስለ ጉደር፣ ዝዋይ ላይም ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ ለገበያ ስለሚወጣው ወይን እነግራቸዋለሁ። ደስ ብሏቸው ይሰማሉ።

ለዘንድሮ ደኅንነቱ የተፈተሸበት ወረቀት ያለው አዲስ ምጣድ ገዛሁ። ማመልከቻው «ከማን አጠገብ መሆን ትፈልጋላችሁ?» የሚል መስመር አለው። የሽማግሌውን ስም ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደወልኩላቸው። ስለ ቀዩ ሶኬት ነገርኳቸው፣ ብሬከሩ ለብቻዬ እንደሚሆን የተጻፈልኝን ኢሜይልም አነበብኩላቸው። እስክጨርስ ድረስ አዳመጡኝና «ጻፊው» አሉኝ።