የሰርጉ ቪዲዮ ከሳሎን መኝታ ቤት እስኪገባ

ቪዲዮው 41 ጊጋባይት ነው። የእህቴ ሰርግና መልስ፣ ካሜራማኑ ሳይቆራርጥ እንዳለ የሰጠን። ያለው ሳሎን ዴስክቶፑ ላይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ መኝታ ቤት በላፕቶፗ ልታሳጥረው ፈለገች። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ሰካሁ። ከፋይሎቹ አንዱ 9 ጊጋ ስለነበር አልቀበልም አለ። ፍላሹ ባዶ ነው፣ ግን በፋት32 ነው ፎርማት የተደረገው፤ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም። ትልቅ ፋይል ወደሚይዘው ኤክስፋት ቀይሬ በሁለት ዙር ባመላልሰው ኖሮ ከሰዓት በፊት በተገላገልኩ። እልህ ያዘኝ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ ራውተር ላይ ናቸው፣ ለምን በፍላሽ እሯሯጣለሁ?

ዴስክቶፑ ዊንዶውስ 10፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ነው። ፎልደሩን ሼር አደረግኩ። ከላፕቶፑ ስገባ «የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም» አለኝ። ፒንግ አደረግኩት፣ ማለትም «አለህ ወይ?» ብዬ በኔትወርኩ ጠራሁት፣ ዝም። ኬብሉ ተበላሽቷል ብዬ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። አሁንም ዝም። ለካ ዴስክቶፑ በዚያው በአሮጌው ኬብል ኢንተርኔት ሲጠቀም ነው የዋለው! የዊንዶውስ ፋየርዎል፣ በኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው ዘበኛ፣ ካልተፈቀደለት ለፒንግ መልስ እንደማይሰጥ ያወቅኩት የኬብሉን ዋጋ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ አለ፣ ሲጠሩት ግን አቤት አይልም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ትዕግስቴ አለቀ። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። ወዲያው ፓስወርድ የሚጠይቅ መስኮት መጣ። ደስ አለኝ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። ፓስወርዱ ግን እምቢ አለ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆኖ ስለነበር ተኛሁ። ፋየርዎሉም እንደጠፋ አደረ፣ እንደጠፋም ዋለ።

እዚህ ላይ ራሴን እወቅሳለሁ። «ቤቴ ነው፣ ማን ይገባል?» ብዬ ነበር። ግን የቤታችንን የዋይፋይ ፓስወርድ የማያውቅ ዘመድ የለም። የአክስቴ ልጆች እሁድ እሁድ ሲመጡ ስልካቸው በሩ ላይ እያሉ ራሱ ይገናኛል። በግንቦት 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ የተዛመተው በዚሁ ፋይል ማጋሪያ በር፣ በፖርት 445 ነው። አንዱን ኮምፒውተር ከያዘ ጎረቤቱን ራሱ እየሄደ ያንኳኳል። ያኔ ክፍተቱ ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት በአሮጌው ዘዴ፣ በኤስኤምቢ 1 ነበር። ታዲያ ኢንተርኔት ላይ አንዳንድ መካሪ ዛሬም «ኤስኤምቢ 1ን አብራው» ይላል። አታብሩት።

ማጥፋት ያለብኝ ፋየርዎሉን አልነበረም። ራውተሩን መጀመሪያ ያገናኘሁ ቀን ዊንዶውስ ኮምፒውተርህ በሌሎች እንዲታይ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፣ እኔም ሳላነብ አይ ብያለሁ። ስለዚህ የገዛ ቤቴን እንደ ካፌ ዋይፋይ ቆጥሮ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦታል። ፋየርዎሉን መልሼ አበራሁ፣ ኔትወርኩን ወደ «ፕራይቬት» ቀየርኩ፣ የፋይልና የፕሪንተር ሼሪንግን ለፕራይቬት ብቻ ፈቀድኩ። በሩ ተከፈተ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ፓስወርዱስ? ሁልጊዜ የምገባው በአራት አሃዝ ፒን ነው፤ ፒን ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንጂ በኔትወርክ አይሠራም። ዋናውን ፓስወርድ ረስቼዋለሁ። ዴስክቶፑ ላይ «ቤት» የሚባል ተጠቃሚ ከነፓስወርዱ ፈጠርኩና ማንበብ ብቻ ፈቀድኩለት። አሁንም ፎልደሩ አልከፈት አለ። ዊንዶውስ ላይ ፈቃዱ ሁለት ቦታ ነው፣ አንዱ «ሼሪንግ» ስር፣ ሌላው «ሴኩሪቲ» ስር። የጠበቀው ያሸንፋል። እኔ አንዱን ብቻ ነበር የነካሁት።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «በእግርህ ተሸክመኸው ብትሄድ እስካሁን አዳማ ደርሰህ ነበር» አለችኝ። የራውተሩ የኬብል መሰኪያ ባለ 100 ሜጋቢት ስለሆነ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚሄደው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ጨረሰ።

በሳምንቱ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ፎልደሩ የለም! አልደነገጥኩም። ራውተሩ ሲነሳ ለዴስክቶፑ ሌላ የኔትወርክ አድራሻ ሰጥቶታል፤ በ7 ያልቅ የነበረው በ4 ያልቃል፣ ላፕቶፑ ግን በድሮው ነው የሚፈልገው። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ለዴስክቶፑ የማይቀየር አድራሻ አስያዝኩለት። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

ቀጥሎ ታናሽ ወንድሜ «የኔንም አገናኝልኝ» አለ። የእሱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው። ዩኤፍደብሊው የሚባለውን ፋየርዎል አብርቶታል፣ ጎበዝ። አታጥፋው አልኩት። ከቤታችን አድራሻዎች ብቻ ወደ 445 እንዲገባ ፈቀድንለት። ኡቡንቱ ከዊንዶውስ ጋር ፋይል የሚጋራበት ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም የራሱ ፓስወርድ አለው፣ ኡቡንቱ ውስጥ የሚገባበት አይሠራለትም። እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን።

እስከዛሬ ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። የወንድሜ ኮምፒውተር ዊንዶውሶቹ ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ሳምባ ብቻውን ራሱን በዊንዶውስ አዲሱ መንገድ አያስተዋውቅም፣ ለዚያ ሌላ ፕሮግራም ይጫንለታል። አልጫንነውም። አድራሻውን በእጄ ጽፌ ሾርትከት ሠራሁለት፣ በእሱ ነው የምንገባው።