የትናንቱ አዳር

አሁን ገና ከማዋለጃ ክፍል አዳር ወጣሁ። እግሬ ዝሏል፣ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ እንደ አደጋ ነው የምናየው፣ ደቂቃ አይባክንም። አዋላጇ ማህፀኗን ማሸት ጀመረች፣ አንዷ ኦክሲቶሲን (ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገውን መድኃኒት) ቀዳች፣ እኔ በሁለቱም ክንዷ ካኑላ (የደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አስገብቼ ፈሳሽ ከፈትኩ፣ ከጎረቤት ክፍል የመጣችው ልጅ ደግሞ (ተረኛችን እንኳን አልነበረችም!) የደም ናሙናውን ይዛ በረረች። ማንም "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም" አላለም። ትልቋ ሲስተራችን የእናቲቱን ግንባር እየጠረገች "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እዚሁ ነን" ትላት ነበር፤ ያ ድምፅ እኔንም ነው ያረጋጋኝ። ደሙ ቆመ። ሊነጋጋ ሲል ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ተካፈልን። እንዴት እንደምወዳቸው! ስወጣ ሕፃኑ ጡት ይዞ ነበር።